በቢሾፍቱ አዲስ የተከፈተ ምግብ ቤት መቼ ይሞከራል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ብዙዎች አሁንም ደብረ ዘይት የሚሏት ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። የአዲስ አበባ–አዳማ የክፍያ መንገድ በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ለአገልግሎት ከተከፈተ ወዲህ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከቃሊቲ፣ ከአቃቂ ወይም ከገላን የሚነሣ ቤተሰብ ምሳውን በልቶ ከመምሸቱ በፊት የሚመለስባት ከተማ ሆናለች። በዚያው ልክ በሆራ፣ በባቦጋያ፣ በኩሪፍቱና በቢሾፍቱ ሐይቆች ዙሪያ አዳዲስ ምግብ ቤቶች በየጊዜው ይከፈታሉ። ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች በአዲስ አበባ ዳርቻ የምንኖር ሰዎች ለጉዞ ስንነሣ እርስ በርስ የምንጠያየቃቸው ናቸው።

አንድ ምግብ ቤት ከተከፈተ ከስንት ጊዜ በኋላ ብሄድ ይሻለኛል?

በሳምንት ብዛት ብቻ የሚሰጥ መልስ ብዙ አይጠቅምም። በእኔ ግምት አዲስ ቤት በእውነት የሚፈተነው ከፍስክ ወደ ጾም፣ ወይም ከጾም ወደ ፍስክ ሲሻገር ነው። በዚያን ጊዜ ከገበያ የሚገዛው ነገር ይለወጣል፣ ሥጋ ቆራጩ ለጊዜው ይሰናበታል ወይም ሌላ ቤት ይሄዳል፣ የጾም ምግብ የምታውቅ ሴት ትቀጠራለች፣ ገቢው ይቀንሳል፣ የቤት ኪራዩ ግን አይቀንስም። ይህን ሁሉ አልፎ ከጾሙ ማግሥት በዚያው ባለሙያና በዚያው እጅ ምግብ የሚያቀርብ ቤት የቆመ ቤት ነው። ያንን ያላለፈ ቤት ግን ምንም ያህል ቢያምር ገና በእንግዳው ገንዘብ እየተማረ ነው ማለት ይቻላል።

የቱሪስት ከተማ ምግብ ቤት ከሰፈር ምግብ ቤት ቀስ ብሎ እንደሚማርም ማወቅ ያስፈልጋል። በሰፈር ያለ ቤት በየቀኑ የሚመላለሱ ደንበኞች አሉት፤ ሽሮው ዛሬ ከቀጠነ ነገ ይነገረዋል፣ ከነገ ወዲያ ያስተካክላል። የሐይቅ ዳር ቤት እንግዳ ግን በአብዛኛው ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ሂሳቡን ከፍሎ፣ በይሉኝታ «ጥሩ ነው» ብሎ የሚሄድ ሰው ነው። ቅር ቢሰኝም በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ቤት ይሄዳል እንጂ ተመልሶ አይናገርም። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ በአንድ ወር የሚታረም ጉድለት እዚያ ሁለትና ሦስት ወር ሊቆይ ይችላል።

የግድ በቁጥር ይነገረኝ ለሚል ሰው ከስድስት ሳምንት በፊት ብዙ ሰው ይዞ አለመሄድን እመክራለሁ። ለብቻው ወይም ከአንድ ጓደኛው ጋር ለሚሄድ ግን ይህን ያህል መጠንቀቅ አያስፈልግም፤ ምግቡ ባያምር የሚከስረው የአንድ ሰው ምሳ ነው።

በምርቃቱ ሰሞን መሄድ ምን ይጎዳል? እንዲያውም ያን ጊዜ ባለቤቱ ራሱ ቆሞ ያስተናግዳል ይባላል።

የሚባለው እውነት አለው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ባለቤቱ ከበር ተቀብሎ ያስቀምጣል፣ ቅቤውም በርበሬውም ከተመረጠው ይገዛል፣ የዋጋ ቅናሽ የሚያደርጉም አሉ። ችግሩ ያለው ከምግብ አዳራሹ ጀርባ ነው። አስተናጋጆቹ የጠረጴዛዎቹን ቁጥር ገና አልለመዱትም፤ ማድ ቤቱ ትዕዛዝ በምን ቅደም ተከተል እንደሚያወጣ አልተስማማም። አንዱ በጽሑፍ፣ ሌላው በቃል ያዝዛል። ከስምንት ሰዎች የስድስቱ ምግብ ቀርቦ የሁለቱ ሲዘገይ፣ የቀረበው እንዳይቀዘቅዝ «እናንተ ብሉ፣ እኛ እንደርሳለን» የሚባባለው ቤተሰብ በምርቃት ሰሞን የተለመደ ትዕይንት ነው።

በምርቃቱ ቀን የሚቀርበው ምግብ ከዚያ በኋላ ለሚቀርበው ምስክር እንደማይሆንም ልብ ይሏል። ለተጋባዥ የሚዘጋጀው ምግብ ብዛቱ አስቀድሞ የታወቀ፣ ዓይነቱም የተወሰነ ስለሆነ እንደ ድግስ ይሠራል፤ ከሜኑ እያንዳንዱ የየፍላጎቱን ሲያዝዝ የሚሠራው ሥራ ሌላ ነው።

ለሁሉም ዓይነት ምግብ እኩል መጠበቅ አለብኝ?

የለብዎትም፤ ምናልባት ትልቁ ስሕተት ሁሉንም በአንድ ሚዛን ማየት ነው።

ቁርጥና ጥብስ ለመብላት መጠበቅ አያስፈልግም። የእነዚህ ጣዕም ከባለሙያው ልምድ ይልቅ በሥጋው ትኩስነት ላይ ይመሠረታል፤ አዲስ ቤት ደግሞ ሰው በሚጎርፍበት ሰሞን ሥጋው ተሰቅሎ አይውልም። እንዲያውም ከስድስት ወር በኋላ ሰው ሲቀንስ ነው «መቼ ታረደ?» የሚለው ጥያቄ የሚከብደው። ሆኖም በአዲስም በአሮጌም ቤት ሥጋው ላይ የቄራ ምርመራ ማኅተም መኖሩን ማየት ተገቢ ነው። ማኅተሙ የኮሶን ሥጋት ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም፤ የሚያሠጋዎት ከሆነ በደንብ የበሰለ ጥብስ ማዘዝ ይሻላል። ክትፎ ግን ከቁርጥ ይለያል፤ ሥጋው ትኩስ ቢሆንም ቅቤው በደንብ ካልተነጠረ፣ ሚጥሚጣውም ካልተመጠነ አይሆንም፣ ስለዚህ ጥቂት ቢጠበቅለት አይከፋም።

ዶሮ ወጥ በሌላኛው ጫፍ ያለ ምግብ ነው። ቁሌቱ ብቻ ሰዓታት ይፈጃል፤ ስለዚህ ማድ ቤቱ በዚያ ቀን ምን ያህል ሰው እንደሚመጣ በማለዳ ገምቶ መጀመር አለበት። አዲስ ቤት ይህን ግምት የሚወስድበት ልምድ የለውም። አንዳንድ ቀን በሰባት ሰዓት ያልቅበታል፣ አንዳንድ ቀን ይተርፈዋል፣ እንዳያልቅበት ሲፈራ ደግሞ በቁሌቱ ላይ ይቸኩላል። ያልበሰለ ሽንኩርት ጥርስ ላይ ሲንኮሻኮሽ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። በአዲስ ቤት ዶሮ ወጥ መብላት የሚፈልግ ሰው ከአንድ ቀን በፊት ደውሎ ቢያዝዝ ይሻለዋል።

ዓሣ የራሱ ወቅት አለው። በቢሾፍቱ የሚበላው ዓሣ በአብዛኛው ከዝዋይ ወይም ከቆቃ በኩል የሚመጣ ነው፤ ሐይቁን እያዩ የሚበሉት ዓሣ ከዚያው ሐይቅ ተጠምዶ የወጣ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ የሚጠየቀው ጥያቄ ዓሣው መቼ ገባ፣ በምን ቀዘቀዘ የሚል ነው። ቆሮሶው ሙሉውን የሚጠበስ ከሆነ ከመጠበሱ በፊት ልየው ማለት ነውር የለውም፤ ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡም ቀይ መሆን አለበት። በጾም ወራት ዓሣ የሚበላው ሰው ስለሚበዛ በሁለትና በሦስት ቀን አንዴ ይመጣ የነበረው በየቀኑ መምጣት ይጀምራል። ስለዚህ አዲስ የዓሣ ቤት ለመሞከር ከጾም የተሻለ ጊዜ የለም።

ፒዛና የመሳሰሉት ምድጃውን ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋሉ፤ በመጀመሪያው ወር ከሥር ያረረ፣ ከላይ ያልበሰለ ሊጥ ቢቀርብ አያስገርምም።

እንጀራን በተመለከተ ቢሾፍቱ ሰበብ የላትም። በከተማዋ ዙሪያ ያለው የአድአ ወረዳ በነጭ ጤፉ የታወቀ አገር ነው፤ ቁንጮ የሚባለው የጤፍ ዝርያ የወጣውም እዚያው ካለው የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ነው። ሆኖም አንዳንድ አዲስ ቤቶች ጋጋሪ እስኪያገኙ ድረስ እንጀራ ከአዲስ አበባ በመኪና ያስመጣሉ፤ ያ እንጀራ ከሰዓት በኋላ ጠርዙ ደርቆ ወደ ላይ ይታጠፋል። ባለሙያዎቻቸውን ከአዲስ አበባ ይዘው የመጡ ቤቶች ደግሞ ሌላ ችግር ይገጥማቸዋል፦ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝና ከአዲስ አበባ ስለምትሞቅ ሊጡ ቶሎ ይቦካል፣ እንጀራውም ለተወሰነ ጊዜ ይኮመጥጣል። ይህ የሚስተካከል ነገር ስለሆነ በዚህ ምክንያት ብቻ አንድን ቤት ጨርሶ መተው አይገባም።

የጾምና የፍስክ ወቅት በአዲስ ቤት ላይ ምን ለውጥ ያመጣል?

ምግብ ቤት የሚከፍቱ ሰዎች ከዓመቱ ሁሉ የሚሽቀዳደሙት ለሁለት ወቅቶች ነው፤ አንዱ እንቁጣጣሽና መስቀል፣ ሌላው ፋሲካ። ለፋሲካ የተከፈተ ቤት ዕድለኛ ነው። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው በዓለ ኀምሳ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾሙ ሥጋው ሳምንቱን ሙሉ ይሸጣል። ለእንግዳም ይህ በዓመት አንዴ የሚገኝ አጋጣሚ ነው። ሌላ ጊዜ ሥጋ ለመብላት ወደ ቢሾፍቱ የሚሄድ ጿሚ ረቡዕና ዓርብን መተው አለበት፤ በበዓለ ኀምሳ ግን ጸጥ ባለ ረቡዕ ቀን ሄዶ ማድ ቤቱ ሳይጣደፍ የሠራውን መቅመስ ይችላል። ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚውል ይህ አጋጣሚ በአንዳንድ ዓመት እስከ ሰኔ አጋማሽ ይዘልቃል።

ዐቢይ ጾም ሲገባ የተከፈተ ቤት ግን 55 ቀን ሙሉ በበየዓይነቱ፣ በተጋቢኖና በዓሣ ብቻ ይሠራል። ቤቱን በእነዚህ ከመዘኑት ፍትሐዊ ፍርድ ይሆናል፣ ስለ ጥብሱ ግን ምንም አላወቁም። የፍስክ ሜኑው የሚጀመረው በፋሲካ ሰሞን ነው፤ ያ ደግሞ ሰው እጅግ የሚበዛበት ሰሞን ስለሆነ ቤቱ ለሁለተኛ ጊዜ ይመረቃል ማለት ነው። እንዲህ ላለው ቤት ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል መታገሥ ይበጃል።

የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ስለሚዘልቅ ለመስከረም የተከፈቱ ቤቶች የመጀመሪያውን ሽግግር የሚያደርጉት በእሱ ነው። በጥር ወር የሄደ ሰው ከመስከረም ወዲህ ከተከፈቱት የትኞቹ እንደጸኑ፣ የትኞቹም ሜኑአቸውን እንዳሳጠሩ ወይም በራቸውን እንደዘጉ ያያል። ከዓመቱ ወራት አንዱን ምረጥ ብባል ለአዲስ ቤት ሙከራ ጥርን እመርጣለሁ፤ ሰማዩ የጠራ ነው፣ መንገዱ ደርቋል፣ ጾሙም አልፏል። ጥምቀትንና የሠርግ ቅዳሜዎችን መሸሽ ብቻ ነው።

ከሳምንቱ የትኛው ቀንና ሰዓት ይመረጣል?

ሐሙስ ምሳ። የረቡዕ ጾም አልፎ ሥጋው ታርዶ ይገባል፣ የቅዳሜው ሰው ደግሞ ገና አልመጣም። ሐሙስ የማይመቸው የሥራ ሰው ቅዳሜን ከመረጠ ከአምስት ሰዓት ተኩል በፊት ተቀምጦ ማዘዝ አለበት፤ ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ አዲስ ማድ ቤት ከትዕዛዝ ጋር ይታገላል እንጂ ምግብ አያስብም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሚነሣው ቤተሰብ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚደርስ ለሙከራ የማይመች ቀን ነው። ከዚያም በላይ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው መኪና በቱሉ ዲምቱ መግቢያ ላይ ይሰለፋል፤ ምግቡ ዘግይቶ ያናደደው ሰው መንገዱም ተጨምሮበት ቤቱን ከሚገባው በላይ ይረግማል።

በክረምት መሞከር ይቻላል?

ይቻላል፣ ነገር ግን የሚሞከረው ሌላ ቤት ነው። የሐይቅ ዳር ምግብ ቤቶች አብዛኛው መቀመጫቸው ውጭ ስለሆነ ዝናብ ሲመጣ መቶ ሰው ሠላሳ ሰው በሚይዝ ክፍል ውስጥ ይታጨቃል። ከአስፋልቱ ወደ ሐይቁ የሚወስደው የጥርጊያ መንገድ ይጨቀያል፤ መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ቤቱ ጄኔሬተር መግዛቱም ያለመግዛቱም የሚታወቀው ያኔ ነው። ቤቱን በክፉ ቀኑ ማየት የሚፈልግ ሰው ሐምሌን ይሞክር።

በበዓላትና በሠርግ ሰሞንስ?

የኢሬቻ በዓል በሆራ አርሰዲ የሚከበርበት እሑድ፣ ከመስቀል በኋላ በመስከረም መጨረሻ ገደማ፣ ከተማዋ ከየአቅጣጫው በሚመጣ ሕዝብ የምትሞላበት ነው። ለበዓሉ የሚሄድ ይሂድ፤ ምግብ ቤት ለመሞከር ግን ያንን ቅዳሜና እሑድ መተው ነው።

ሠርግ ከበዓል ይልቅ ያታልላል፣ ምክንያቱም በቀን መቁጠሪያ ላይ አይታይም። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት የሐይቅ ዳር ቤቶች ግቢያቸውን ለሠርግና ለመልስ ያከራያሉ። ያን ቀን ዋናው ሼፍ ሙሉ ሐሳቡ ከሠርጉ ላይ ነው፤ እርስዎ በረንዳ ላይ የተቀመጡት እንግዳ የሚደርስዎት ለሠርጉ ከተሠራው የተቀነሰ ወይም በረዳቶች የተሠራ ነው። ሲደውሉ «ቅዳሜ ክፍት ናችሁ?» ብቻ ብለው ከጠየቁ «አዎ፣ ክፍት ነን» ይባላሉ፤ መጠየቅ ያለበት «ቅዳሜ ፕሮግራም አለባችሁ?» ተብሎ ነው።

በቲክቶክና በቴሌግራም የሚወጡ ቪዲዮዎችን ላምናቸው?

ቪዲዮው ስለ ቦታው ማመሳከሪያ ይሆናል፤ ስለ ምግቡ ግን አይሆንም። ብዙዎቹ የሚቀረጹት በምርቃት ሰሞን፣ በባለቤቱ ግብዣ ነው፤ ለተቀረጸ ሳህን የሚደረገው ጥንቃቄም ለእርስዎ ሳህን አይደረግም። ከቪዲዮው ይልቅ ከሥሩ ያለው አስተያየት ይነበብ፤ በተለይ ከተለቀቀ ወር ካለፈው በኋላ የተጻፈው። «ሄጄ ነበር፣ ከሜኑው ግማሹ የለም» የሚል አንድ አጭር አስተያየት ከብዙ የልብ ምልክት ይበልጣል። በከተማዋ ለሚኖር ሰው፣ ለባጃጅ ሾፌርም ቢሆን፣ «እዚያ ቤት የአገሩ ሰው ይበላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል።

በአዲስ አበባ የታወቀ ምግብ ቤት ቅርንጫፍ ከሆነ መጠበቅ አለብኝ?

ስሙ ከአዲስ አበባ ቢመጣም እጁ ላይመጣ ይችላል። የሚጠየቀው ዋናው ሼፍ ወይም ወጥ ሠሪዋ ከዋናው ቤት ተዛውራ መጥታለች ወይስ እዚያው ተቀጥራ ነው የሚለው ነው። ባለሙያዎቹ ከዋናው ቤት ከመጡ የመጀመሪያዎቹ ወራት እንዲያውም ጥሩዎቹ ይሆናሉ፣ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ለማቋቋም ይመጡና ሥራውን አስተምረው ወደ አዲስ አበባ ይመለሳሉ። እንዲህ ባለው ቤት ከመጠበቅ ይልቅ መፍጠን ያዋጣል። የመርካቶ በርበሬና የዋናው ቤት ቅቤ አብሮ መምጣቱም የሚቀጥለው ለጥቂት ጊዜ ነው፤ በኋላ ግዢው ወደ አካባቢው ገበያ ይዞራል። አድአ ላይ ይህ የግድ ጉዳት ነው ብዬ ግን አላምንም።

«በአዲስ አስተዳደር ሥራ ጀምረናል» የሚል ማስታወቂያ ያለው ቤት እንደ አዲስ ይቆጠራል?

ሜኑውን ገልጠው ዋጋው በነጭ ወረቀት ተለጥፎ ከታረመ፣ በጥፍር ጫን ሲሉትም የድሮው ዋጋ ከሥር የሚታይ ከሆነ፣ የተለወጠው ከሰሌዳው ሌላ ብዙም እንደሌለ ያመለክታል። ሜኑው አጥሮ እንደ አዲስ ከታተመ ግን አዲሱ ሰው ማድ ቤቱን አይቶታል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ቤት እንደ አዲስ ቆጥሮ ጊዜ መስጠት ይገባል። በቱሪስት ከተማ ጎበዝ ባለሙያ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው በደሞዝ ስለሚነጠቅ፣ ሰሌዳው ሳይነካ ውስጡ የተለወጠ ቤትም አለ። ዓመት ሙሉ ሲመሰገን የቆየ ቤት ድንገት ከተበላሸ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

ስለ ዋጋና ሂሳብ ምን ልጠንቀቅ?

በሜኑው ላይ ያለው ዋጋ 15 በመቶ ቫትንና የአገልግሎት ክፍያን የሚያካትት መሆኑን ከማዘዝዎ በፊት ይጠይቁ፤ በአሥር ሰው ሂሳብ ላይ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በኪሎ የሚሸጥ ሥጋ ሲያዝዙ ከአጥንቱ ጋር የሚመዘን መሆኑንና አለመሆኑን፣ ማስጠበሻ ለብቻው የሚከፈል መሆኑንም እንዲሁ። አዲስ ቤት የደረሰኝ ማሽኑ «ገና አልገባም» ሊልዎት ይችላል፤ ደረሰኝ ግን የእንግዳው መብት ነው። በቴሌብር ወይም በባንክ ዝውውር ከከፈሉ ገንዘቡ በቤቱ ስም ወደተከፈተ ሒሳብ መግባቱን ያረጋግጡ። ለቡድን ቀብድ ከተጠየቁ ቤቱ በዚያ ቀን ባይከፍት እንዴት እንደሚመለስልዎ በጽሑፍ ይያዙ፤ የምርቃት ቀኑን ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚያዛውር ቤት ብዙ ነው።

ሕፃናትንና አረጋውያንን ይዤ ልሂድ?

በአዲስ ሐይቅ ዳር ቤት ምግቡን ከመጠየቅ በፊት ደረጃውን መጠየቅ ይቀድማል። አብዛኞቹ የቢሾፍቱ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኙ ስለሆኑ ዳርቻቸው ቁልቁለት ነው፤ መቀመጫዎቹ እርከን በእርከን ወደ ታች ይወርዳሉ። አዲስ ቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው ግንባታው ሳያልቅ ነው፤ ሲሚንቶው ያልለሰለሰ ደረጃ፣ ገና ያልተበየደ የእጅ መደገፊያ፣ ሽንት ቤት ከላይኛው እርከን ብቻ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ወይም አባት ካሉ ሁሉ ነገር እስኪያልቅ ሦስት አራት ወር መጠበቅ፣ አለበለዚያም ከላይ ከመግቢያው አጠገብ ጠረጴዛ በስልክ ማስያዝ ያስፈልጋል።

ሙስሊምና ክርስቲያን የሆንን ጓደኛሞች አብረን ብንሄድስ?

አዲስ ቤት በዚህ ረገድ ገና ያልተዘጋጀ ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ መደወል ነው። የሙስሊምም የክርስቲያንም ሥጋ አለን የሚሉ ቤቶች መጥበሻውንና ቢላውን መለየታቸውን ይጠይቁ። ካልሆነ የዓሣ ቤት ሁሉንም ያስማማል።

ስለ ሱሉልታና ስለ እንጦጦስ ተመሳሳይ ምክር ይሠራል?

ስለ ጾምና ስለ ሠርግ የተባለው ይሠራል፤ ስለ አየሩ የተባለው ግን ይገለበጣል። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተከፈተ ወዲህ በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ጫፍም አዳዲስ ቤቶች በዝተዋል። እዚያ ከፍታው 3,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውኃ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል ረጅም ጊዜ ይወስዳሉ። ከታች የመጣ ባለሙያ ይህን እስኪለምድ ድረስ ጥሬ ጥሬ የሚል ንፍሮ ወይም ያልበሰለ ምስር ማቅረቡ አይቀርም። ብርዱ ሳህን ላይ ያለውን ምግብ ቶሎ ስለሚያቀዘቅዘው የሸክላ ጥብስ እንጂ በትሪ የሚቀርብ ጥብስ አይመከርም። ምሽት ላይ ከመሄድ ምሳ ይሻላል፤ በክረምት ጉም ሲወርድ ደግሞ ቁልቁለቱ በራሱ ያስጨንቃል። ሱሉልታ ለሩጫ ልምምድ የሚወጡ ሰዎች በማለዳ ስለሚመላለሱባት ለአዲስ ቤት ሙከራ የቅዳሜ ቁርስ ከምሳው የተሻለ ነው።

አንድ ጊዜ ሄጄ ቅር ብሰኝ ሁለተኛ ዕድል ልስጠው?

በምን ቅር እንደተሰኙ ይለያል። ምግቡ ዘግይቶ፣ ትዕዛዙ ተቀያይሮ ወይም ግማሹ ሜኑ «የለም» ተብሎ ከሆነ እነዚህ የጀማሪ ጉድለቶች ስለሆኑ ከአንድ ጾም በኋላ ተመልሶ ማየት ተገቢ ነው። የቆየ ሥጋ ቀርቦልዎት፣ የእጅ መታጠቢያው ውኃ አጥቶ ሳለ ምግብ ሲሸጥ አግኝተው ወይም ሂሳቡ ላይ ያላዘዙት ተጨምሮ ከሆነ ግን ይህ ከጊዜ ብዛት የሚታረም አይደለም፤ አይመለሱ።

በሁለቱም መንገድ ከመነሣትዎ በፊት ባለቤቱን ጠርተው በእርጋታ ቢነግሩት ይበጃል። በአዲስ ቤት ባለቤቱ በአብዛኛው እዚያው ቆሞ ስለሚገኝ በአስተናጋጅ በኩል መላክ አያስፈልግም። «ዓሣው ጥሩ ነበር፣ እንጀራው ግን ደርቋል» ብሎ የሚነግረው እንግዳ እንደ ብርቅ ይታያል፤ ሌላው ሁሉ «ጥሩ ነው» ብሎት ሄዷልና። ምክርዎን እንደ ቁም ነገር ይዞ ጋጋሪዋን ጠርቶ የሚጠይቅ ከሆነ ስልክ ቁጥሩን ይያዙ፤ ከጾሙ በኋላ ሲመለሱ አስቀድመው የሚደውሉት ለእሱ ነው።